ስም ያልወጣላት ደስታ

አማርኛ ለሐዘን ለጋስ፣ ለደስታ ግን ንፉግ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። በሻይ ቤት ይሉታል፣ በለቅሶ ድንኳን ይሉታል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በመምህራን ስብሰባ ላይ የሒሳብ መምህሩ ተነሥቶ ብሎታል። ሐሰት ነው። እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት የቀረኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጎንደር ላይ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ ጉዳይ ዝም በል ብትሉኝ ዝም አልልም። ቃሉ ሞልቷል። ተትረፍርፏል። ችግሩ የሚመጣው ከመካከሉ አንዱን ምረጡ የተባላችሁ ዕለት ነው።

ደስታን እንኳ ተዉት፤ እሱ የሁሉ ዘመድ ነው። ሰርግ ቤትም ቀበሌም ይገባል፣ ጫማውን ሳያወልቅ መደብ ላይ ይወጣል። ፈተና ያለፈው "ደስ አለኝ" ይላል፤ ኮት የገዛው "ደስ አለኝ" ይላል፤ ጠላቱ የወደቀለትም፣ አፉን ሸፈን አድርጎ፣ ያንኑ ይላል። ሐሤት ግን እንዲህ አይዝረከረክም። ሐሤት ጥርሱን ሳያሳይ የሚስቅ ነው፤ ከውስጥ ይጀምርና ፊት ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በአዲስ ኮት "ሐሤት አደረግሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ኮቱ ተአምረኛ ነው፣ ወይ ሰውየው መታየት አለበት። ፍሥሐ ደግሞ ካህን ነው፤ ጥምጣሙን ሳያስተካክል ከደጅ አይወጣም። ተድላ ከሁሉም ይልቅ ተመቻችቶ የተቀመጠ ነው፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጀርባውን ትራስ አስደግፎ። ያው ተድላ ልኩን አልፎ የጠጣ እንደሆነ ፈንጠዝያ ይባላል፤ በማግሥቱ ራሱን ያመዋል።

ወደ እድል ሰፈር ስትሻገሩ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። እድል ከማደል የመጣ ነው፤ "ታደልኩ" ያለ ሰው ሳያስበው የሚያድል እንዳለ መስክሯል። ዕጣ ክፉም ደግም ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ስናነሣው እጃችን የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ገድ በእግር ነው የሚመጣው፤ ማለዳ ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ ያገኛችሁት ሰው ወይ ገዳችሁን ያቀናዋል ወይ ይሰብረዋል፤ ለእኔ ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመኝ የሒሳብ መምህሩ ነው። ሲሳይ በአፍ የሚገባ እድል ነው። በረከት ግን የትንሽ ነገር መብዛት ነውና ብዙ ያለው ሰው በረከት ላይኖረው ይችላል። እንዲያውም የለውም።

ይኸውላችሁ፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ባላውቀው ምንኛ በተሻለኝ! ባላውቀው ኖሮ በገዛ እህቴ ቤት ዳኛ ተደርጌ ሁለት ወር ሙሉ ደሜ አይፈላም ነበር።

እህቴ የሺወርቅ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ እኔ የመጀመሪያው። በመካከላችን አሥራ ስምንት ዓመት ስላለ እህቴ ትሁን ልጄ አንዳንዴ ይምታታብኛል። ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በአንደኛው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ባሏ ሙሉቀን ከማራኪ ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳል። የመጀመሪያው ጽንስ በሰባት ወሩ ወረደ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ለእሱ ስም አውጥተንለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙን ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም። የሺ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆች ዩኒፎርም ሰፋች። ከዚያ ይቺ ልጅ መጣች።

ሳይደግስ አይጣላም ይላል ያገሬ ሰው። ደገሰ። ልጅቷ ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ድረስ የወረደ፣ ስታለቅስ ከታችኛው ሰፈር የምትሰማ፣ ሸጋ ልጅ ናት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የክርስትና ስሟን ካህኑ ያወጣላታል፣ የዓለም ስሟን ደግሞ ቤተሰብ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምታችኋል። በእኛ ቤት መልአኩ ቢመጣ ኖሮ ተራ ሳይደርሰው ተሰላችቶ ይመለስ ነበር።

የመጀመሪያው ተናጋሪ አባትየው ነው። ሙሉቀን "ሐሤት" አለ። ለምን ብትሉት "ዘመናዊ ነው፣ ሰርግ ቪዲዮ ላይ ይጽፉታል" ይላችኋል። ይህን ያህል ጥልቅ ቃል በዚህ ምክንያት መመረጡ እንደ አማርኛ መምህር ቢያመኝም፣ አባት ነውና ዝም አልኩ። ችግሩ ከማክሰኝት የመጡት ናቸው። አራስ ጥየቃ የመጡት የሙሉቀን እናት እማማ አንጓችና ወንድማቸው መሪጌታ ልሳነወርቅ "ለሁለት ቀን ነው" ብለው ገብተው ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። መሪጌታ ሐሤትን ሲሰሙ ምላሳቸውን በላንቃቸው መቱ።

"ሐሤትስ ባልከፋ" አሉ፣ መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው እያዛወሩ። "ነገር ግን መጽሐፍ የሚለው ትፍሥሕት ነው። ትፍሥሕት ትባል።"

"ትፍ... ማን?" አለ ሙሉቀን።

"ትፍሥሕት!"

"አባ፣ ልጅቷን በጠራናት ቁጥር ምራቅ ልንረጭባት ነው?"

እዚህ ላይ እማማ አንጓች ጣልቃ ገቡ፤ ወንድማቸውን ሊደግፉ መስሎኝ ነበር። "ትፍ ትፍ ማለቱስ ሸጋ ነው" አሉ፤ "ከዓይን ይጠብቃል። ስሙ ግን አይሆንም። የሁለታችሁም አይሆንም። ምነው ልጆቼ፣ ደስታ እህል ነው እንዴ ደጅ የምታሰጡት? ያየው ሁሉ ሊያነሣባችሁ?"

"ታዲያ ማን እንበላት?" አልኩ እኔ።

"ጣሏት።"

ለማያውቅ ልንገራችሁ። በደጋው አገር ልጅ ሲሞትበት የኖረ ሰው ቀጥሎ ለሚወለደው ሸጋ ስም አያወጣም፤ የተጣለ፣ የተናቀ፣ ማንም የማይፈልገው ያስመስለዋል፤ ሞት ሲያልፍ "ይኼስ ምን ይሠራልኛል" ብሎ እንዲተወው። እማማ አንጓች ራሳቸው ስምንት ወልደው ሦስት ያሳደጉ ናቸው። ስለዚህ "ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው" ብላችሁ ልታስረዷቸው አትሞክሩ። እኔ ሞክሬያለሁ። ዓይኔን ትክ ብለው አዩና፣ "አንቱ መምህር፣ ስንት ቀብረዋል?" አሉኝ። ደብተሬን ገለጥኩ።

አዎ፣ ደብተር ነበረኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጉባኤው ሲቀመጥ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ "አያ፣ አንተ ታውቃለህ፤ የትኛው ነው ትክክሉ?" ይላል ሙሉቀን። እኔ ደግሞ፣ ሰው ነኝና፣ ስጠየቅ እሞቃለሁ። የደስታና የእድል ዘር የሆነውን ቃል ሁሉ በየገጹ ጽፌ፣ የአንዱን ከሌላው ልዩነት በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ መጥቼ አነብላቸዋለሁ። ማንም አይሰማኝም። መሪጌታ "ይህስ የሥጋ ነው" ይላሉ፤ ሙሉቀን "ይሄ የሽማግሌ ስም ነው" ይላል፤ እማማ አንጓች "ቀስ በሉ፣ ጎረቤት ይሰማል" ይላሉ። በሦስተኛው እሑድ መሪጌታና ሙሉቀን መነጋገር ተዉ፤ አንደኛው ለሌላው የሚለውን በእኔ በኩል ያስተላልፍ ጀመር። "ለእህትህ ባል እንዲህ በለው።" "ለአጎቴ እንዲህ በላቸው።" ሁለቱም የሚቀመጡት አንድ መደብ ላይ ነው!

ከሁሉ የሚያሳፍረውን ደግሞ ልናዘዝ። እኔም የራሴ ነበረኝ። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ማንም እንዳያይብኝ "እፎይታ" ብዬ ጽፌያለሁ። ሸክም ከትከሻ ሲወርድ የሚመጣው የደስታ ዓይነት ማለቴ ነው፤ ለእህቴ ከዚህ የሚስማማ የለም ብዬ ወስኛለሁ። ሲደክማቸው አውጥቼ "እንግዲህ ይህ ያስማማችሁ" ልል ነው ያቀድኩት። እንዲህ ያለ ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙግቱን የማራዝመው ለካ እኔው ነበርኩ።

የሺስ? የሺማ ልጇን አቅፋ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ብቻ ጠየቅናት። "ትደግልኝ እንጂ ስሙ ይደርሳል" አለች። ይህ ደግሞ መልስ ስላልመሰለን ወደ ክርክራችን ተመለስን።

ሰባ አንደኛው ቀን እሑድ ዋለ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ክርስትናው ዘጠኝ ቀን ስለቀረው ጉባኤው ጦፏል። መሪጌታ ተነሥተው ቆመዋል፤ ሙሉቀን "የእኔ ልጅ ናት፣ የእኔ!" እያለ መደቡን ይመታል፤ እማማ አንጓች ጆሯቸውን ይዘዋል። እኔም ጊዜው ደረሰ ብዬ የመጨረሻውን ገጽ ልገልጥ እጄን ሰድጃለሁ። የሺ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ስትናገር አየሁ። አየሁ ነው እንጂ ሰማሁ አላልኩም። እጄን ከፍ አድርጌ "ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ" አልኳት።

"አያ!" አለች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። "ትንፋሿ ልክ አይደለም እያልኳችሁ ነው።"

ሁለተኛ ጊዜ ነው የተናገረችው። በኋላ እንደ ነገረችኝ ግን ሦስተኛዋ ነው።

እማማ አንጓች ልጅቷን ገልጠው አዩ። ደረቷ ከጎድን አጥንቷ ሥር እየገባ ይወጣል፤ የአፏ ዙሪያ ዳመና መስሏል። "ማኪናውን አስነሣ" አሉ ለልጃቸው፣ ሌላ ምንም ሳይሉ። ሚኒባሱ ደጅ ቆሟል። አምስታችን ገባን፤ ሙሉቀን መሪውን ይዞ፣ የሺ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከኋላው፣ መሪጌታ ወደ መስኮቱ ዞረው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። መንገድ ላይ ተሳፋሪ መስሏቸው እጃቸውን የሚያውለበልቡ ተማሪዎች ነበሩ። ሙሉቀን አንዱንም አላየም። የሺ ጣቷን ከልጇ አፍንጫ ሥር አድርጋ፣ ወደ ውስጥ ሲገባና ወደ ውጭ ሲወጣ በከንፈሯ ትቆጥራለች።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ነርስ ልጅቷን አየት አድርጋ፣ "ካርድ አውጡና ቶሎ በዚህ በር" አለችን። የሺ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኛ አራታችን ወደ ካርድ መስኮቱ ተጋፋን። ከመስተዋቱ ጀርባ የተቀመጠችው ወጣት ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ። ተማሪዬ ነበረች። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል፣ የሚጠራ ሰው ይጮኻል።

"እንደምን ዋሉ መምህር? የታማሚዋ ስም?"

"ሐሤት" አለ ሙሉቀን፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

"ኧረ ልጄ በማርያም! ጣሏት ብለሽ ጻፊ" አሉ እማማ አንጓች።

"ሁለት ናቸው እንዴ?" አለች ተማሪዬ።

"አንድ ናት" አሉ መሪጌታ፤ እሳቸው እንኳ ትፍሥሕትን ረስተውታል።

"እኮ አንድ ስም ንገሩኛ! ሰው እየጠበቀ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "መምህር፣ እርስዎ ይንገሩኝ።"

እንግዲህ ያ ቀን መጣላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስለቅም የኖርኩት እኔ፣ በገዛ ተማሪዬ ፊት አንዲት ቃል ተጠየቅሁ። ሁሉም ጉሮሮዬ ድረስ መጡ። ሐሤት ልበል? የማን ሐሤት? ተድላ ልበል? በዚያች በምትቃትት ደረት ላይ ተድላ ብሎ መጻፍ ስድብ ሆነብኝ። ታደለች እንዳልል፣ አዳዩ የሰጠውን እየነጠቀ ያለ መሰለኝ። እፎይታ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ ገና ምኑን አረፍንና! ተማሪዬ እያየችኝ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ተማሪን ስንት ጊዜ አቁሜ "ሳታጠና መጣህ" ብዬዋለሁ መሰላችሁ!

ተማሪዬ ተስፋ ቆርጣ ከወንበሯ ተነሣች፤ በመስተዋቱ ቀዳዳ በእኛ ራስ ላይ አሻግራ ጮኸች። "እናትየዋ! ልጅቷ ማን ናት?"

የሺ ከዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሰማችው "ልጅቷ" የሚለውን ብቻ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በጣቷ ትንፋሽ ስትቆጥር የመጣች ሴት፣ ስለ ልጇ ብትጠየቅ የምትጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመስላት። ከወንበሯ ብድግ አለችና በሙሉ ድምፅዋ መለሰች።

"አለች! አለች!"

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት።

"አለች" አለች ተማሪዬ እየጻፈች። "የአባት ስም?"

"ሙሉቀን" አለ ሙሉቀን፤ ይህን እንኳ ሳይሳሳት ስለመለሰ ተመስገን። ማኅተሙ ካርዱ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ነርሷ ካርዱን ከእጄ ቀምታ፣ የሺን ከነልጇ ይዛ በዚያ በር ገባች። በሩ ተዘጋ። እኛ አራት አዋቂዎች፣ ሁለት ወር ሙሉ በደስታ ስም ስንነታረክ የኖርን፣ ኮሪደሩ ላይ ቀረን።

ሳንባ ምች ነው ተባለ። ኦክስጅን ተደረገላት፣ መርፌ ተጀመረ። አራት ቀን ተኛች። እነዚያን አራት ቀናት ልዘርዝርላችሁ ብል የሚያሳዝነው ከሚያስቀው ጋር እየተደባለቀ ያስቸግረኛል። ነርሷ በሩን ከፍታ "አለች!" ብላ በጠራች ቁጥር፣ ከአጠገባችን የተቀመጡ፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ከዛሪማ የመጡ ሽማግሌ ወደ እኛ ጎንበስ ብለው "ምን አለች?" ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሙሉቀን ሊቆጣ ምንም አልቀረው። በሁለተኛው ቀን እኔ በትዕግሥት፣ ነገሩ ግስ ሳይሆን የተጸውዖ ስም መሆኑን፣ ግሱም ቢሆን ከማለት ሳይሆን ከመኖር መሆኑን አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "እሱስ ይሁን፤ ግን ምን አለች?" አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ እንደገና ወጥታ "የአለች ቤተሰብ!" አለች። ሙሉቀን ሮጦ ሄደ፣ አናገራት፣ ተመለሰ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው "ምን አለች?" አሉት። ሙሉቀን አጠገባቸው ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ጡት ጠባች" አላቸው። "ጡት ጠባች፣ አባ።"

መሪጌታ ልሳነወርቅ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሄዱና ለሳምንታት ያላናገሩትን የእህታቸውን ልጅ ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉት። በእኔ በኩል ሳያስተላልፉ!

ስሙንስ እናስተካክለው ብለን ነበር። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሙሉቀን "ካርድ ነው እንጂ የልደት ወረቀት አይደል፣ ይቀየራል" አለ። እኔም ደብተሬን አሰብኩት። የሚገርማችሁ ግን የተቃወሙት መሪጌታ ናቸው። "ይቀየራል?" አሉ። "ምኑ ይቀየራል? በግእዙ ሀለወት ማለት ነው፤ ህላዌ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ስም ፈልጋችሁ አታገኙም።" ነገሩን ያገኙት እሳቸው እስኪመስል ድረስ ነው የሚያብራሩት። እማማ አንጓችም ቢሆኑ ተስማሙ፤ "ሸጋ ነው፤ አለች ነው እንጂ ደላት አልተባለ። በዚህስ ማን ይቀናባታል?" አሉ። ሙሉቀን ትንሽ አንገራገረና ሚኒባሱን እየነዳ ሦስት አራት ጊዜ ለራሱ ጠራት። አራተኛው ላይ ፈገግ ሲል በመስተዋቱ አየሁት። የልመና ያህል "አያ፣ አንተስ?" አለኝ።

እኔማ ምን እላለሁ? ብስጭቴ ገና አልበረደልኝም ነበር። ማንም ያልመረጠው፣ ማንም ያላሰበው፣ በጫጫታ መካከል በስህተት የተጻፈ ቃል ሁሉንም አስማማ፤ እኔ በቀይ አስምሬ ያነበብኩት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። በአገራችን ሰው "እንዴት ናችሁ?" ሲባል "አለን" ይላል። ይህን እኔ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፣ የደከመው ሰው መልስ ነው፣ ከደስታም ከሐዘንም የማይቆጠር ነው፣ እያልኩ ስንት ዘመን አስተምሬያለሁ። የተማሩት ሁሉ ተመርቀው ሄደዋል። አንድ በአንድ ፈልጌ ላርማቸው አልችልም።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ካህኑ የክርስትና ስሟን አወጡላት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማራኪ ያ ሁለት ክፍል ቤት ጠላና ሰው ሞላው። ጎረቤት መጣ፣ የሚኒባስ ሾፌሮች መጡ፣ ከማክሰኝት አንድ መኪና ሙሉ ዘመድ መጣ። መሪጌታ ስለ ስሙ ምሥጢር ለሦስተኛ ጊዜ እየሰበኩ ነው፤ እማማ አንጓች ያገኙትን ሁሉ "ቀስ በሉ" እያሉ ራሳቸው ከሁሉ አብልጠው እልል ይላሉ። እኔ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ፤ የቃል ሰው ነኝና አንድ ነገር ከነከነኝ። ከእኛ ሁሉ መካከል ምን እንደሚሰማት ያልተጠየቀችው የሺ ብቻ ናት። ሌላው ሰው ሁሉ ስለ እሷ ደስታ ሁለት ወር ሙሉ ሲናገር ነው የከረመው፤ የእሷ ስንት መልክ እንዳለው፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ምን ተብሎ ቢጠራ ልክ እንደሚሆን፣ ከራሷ አፍ ልስማ ብዬ ወሰንኩ።

ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። የሺ ብቻዋን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። መጋረጃው ወርዷል።

"የሺ" አልኳት፣ ድምፄን እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጌ፤ "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። አሁን በዚች ሰዓት የሚሰማሽ ምንድን ነው? ሐሤት ነው? እፎይታ ነው? ወይስ—"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ዝም በል፣ አያ" አለችኝ። "ተኝታለች።"